የሊሬው ፈረሶች

ሂርማታ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጨው ተራ በታች
የአንጥረኛው ሱቅ አለች፣ በሯ የዘመመች።
አባ ኦሊ ከድር በጣት ነው የሚያነብ፤
«ዓይን ቶሎ ይታለላል፤ ጣት ግን አለው ቀልብ።»

ከቆርቆሮ ሣጥኑ አውጥቶ አንድ ሊሬ፣
«ዳብሰው» አለኝ «ናስር፣ ምን ይላል ይሄ ወሬ?
ባንድ ፊቱ ንጉሥ፣ አንገቱን ያቀና፤
በሌላው አራት ፈረስ፣ ሠረገላ፣ ዝና።
ሥዕሉን እንኳ እነሱ ከራሳቸው አላመጡት፤
ከጥንት የሮም ቄሣሮች ሳንቲም ላይ ነው የቀዱት።
ፈረንጅ አራዳ የቀረው መካኒኩ ጣልያን
ሲሰክር ነገረኝ፣ ሳጠብለት ቀለበቱን፦
ቄሣር ጦሩ ሲያልቅበት "ድል" ብሎ ያትማል፤
ጎተራው ሲራቆት የስንዴ ነዶ ይሥላል፤
ከተማው ሲቃጠል "ሰላም" የተባለች ልጅ
የወይራ ዝንጣፊ ይዛ ትቆማለች ደጅ።
አዋጅ ያልሰማውን፣ ፊደል ያልቆጠረውን
በጨው መግዣው በኩል ይሰብኩታል ወሬውን።»

«ጅማስ ምን አለች?» አልኩት።

«ጅማማ ሥዕል አላየች፤
ድንጋይ ላይ ጣለችና ጆሮዋን አዘነበለች።
ማርትሬዛን ለምደናል፣ ድምፅዋ እንደ ደወል፤
ዕንቁዋን ቆጥረን ነው፣ ካልጎደለ የምንቀበል።
የሊሬውም ብር ብር ነው፣ ክፉ ነው አልልህም፤
ወሬው ግን ከብሩ ይከብዳል፤ ሚዛን አልቻለውም።
አባቴ ሳቀና አለ፦ "አራት ፈረስ ጠምዶ አንድ ጆንያ ቡና
አዌቱን ካላሻገረ፣ ምኑ ላይ ነው ገናና?"»

አብሬው ሳቅሁ።
ግን ከመሳቢያዬ ሥር፣ ከወረንጦዎቹ መሀል፣
በጨርቅ የጠቀለልኩት የናስ ቅርጽ ተቀምጧል።

ባለፈው ወር አንድ ሹም ከመኪናው ወርዶ
ፎቶውን ሰጠኝ፣ በፖስታ ውስጥ አጥፎ።
«አገጬን ቀንሰው። ከኋላዬ ፀሐይ አውጣ።
ከሥሬ በቆሎ ይሁን፣ የጎመራ።»
የሱን ወረዳ በቆሎ ዘንድሮ በረዶ እንደጨረሰው
ከዚያ የመጣች፣ የጆሮ ጉትቻዋን የሸጠችልኝ ሴት
በዚያው ሳምንት ነግራኛለች።

አገጩን ቀነስኩለት።
ፀሐይዋን ሰጠሁት።
በቆሎው ሳሳ ሲለኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣
ሦስት ራስ ጨመርኩለት።
ሒሳቤንም ተቀበልኩ፣ ቆጥሬ።

ዛሬ አባ ኦሊ ሞረድ ሲፈልግ
እጁ ከጨርቁ ላይ አረፈ።
አውራ ጣቱ ፀሐይዋን ዞረ፣
በቆሎውን አንድ በአንድ ወረደ፣
አገጩ ላይ ቆየ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?»

ዝም አልኩ።

አንስቶ ድንጋዩ ላይ ጣለው።
ሁለታችንም አዳመጥን።