የሁለት ወር ኪራይ

ሁንዴሳ የሚባል ተከራይ ነበረኝ፣
የሚሄድበትን ቀን ደፍሮ ያልነገረኝ፤
የሁለት ወር ኪራይ፣ የመብራቱ ሂሳብ፣
በዱቤ ደብተሬ ከወር ወር ሲሳሳብ፣
ሰርቪሷን ብከፍት ፍራሹም የለ፤
ጥግ ላይ የቀለም ጣሳ፣ ውስጡ የበቀለ
አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ቡጢ የሚያህል።
«ካሣ መሆኑ ነው?» እያልኩ ስብሰለሰል፣
ለወጥ ልከትፈው ቢላዋ ሳነሳ
አየችኝ መይሙና፣ አጥሯን ተንተርሳ፦
«መርዝ ነው፣ ተይ አንቺ! ይኼ አይቀመስም፣
አበባ ነው እንጂ፣ ከድስት አይደርስም።»

ቧንቧው ሥር ወርውሬ ረስቼው ኖሬ፣
የካቲት አንድ ጧት ሱቄን ልከፍት ዞሬ
ወፍራም ዘንግ አየሁ፣ የክንድ ቁመት፣
ጫፉ ላይ አራት ቀያይ መለከት።
ከቦኩ አቅጣጫ ነፋስ አቧራ ሲያመጣ
አፋቸውን ከፍተው፣ ከንፈራቸው ሳይነጣ።
ያን ሰሞን ሱቄ ደጅ ተሰለፈ ሰፈሩ፤
ሳሙና ሳይገዙ አይተው የሚዞሩ።

ከዚያ ግን ረገፈ። በዓመቱ ጠበቅኩት፤
ጧት አጠጣሁት፣ ማታ አጠጣሁት፣
የሩዝ እጣቢ፣ የተረፈ ሻይ ደፋሁበት፣
ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እንደ ሕፃን አፍንጫ ወለወልኩት።
ወፈረ፣ ለመለመ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፤
ዘንግ የለ፣ ቀይ የለ፣ ቅጠል ብቻ ሁሉ።

ቁጥሩን አገኘሁት ከእርሻ ባልደረባው፤
ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፣ ሂሳብ ነበር፣
ከአፌ የወጣው ግን፦ «ለምንድነው የማያብብ፣ ይኼ አበባው?»
ዝም አለ። የሳቀ መሰለኝ። አልሳቀም።
«እትዬ ይርገዱ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፣ የሱ አይደለም።
ውሃ ያበዙበታል። ያልተጠማ አያብብም።
አበባው ሲረግፍ ዘንጉን ይቁረጡ፣ ቅጠሉን ግን ይተዉት፣
ክረምቱን ይብላ፣ ይጠጣ፣ ለከርሞ ስንቅ ይቋጥር በሆዱ።
ከመስቀል በኋላ ግን ጠብታ እንዳይሰጡት!
ቅጠሉ ሲደርቅ ይቁረጡና ከአልጋ ሥር ይክተቱት፣
ጨለማ ውስጥ፣ እስከ ጥምቀት። እያወጡ እንዳያዩት።
ከዚያ አዲስ አፈር፣ አንገቱ ከአፈሩ ወጣ ይበል፣
አንድ ብርጭቆ ውሃ። አንድ ብቻ።»
«እሺ» አልኩት።
ካርዴ አለቀ። የኪራዩ ነገር አልተነሳም።

መስቀል አለፈና እጄን አሰርኩ።
ይኼ እጅ ግን ጨመር፣ ደገም፣ መረቅ ማድረግ የለመደ ነው።
ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ
ከተጠማ ነገር በላይ ተኛሁ።
ሁለት ሌሊት ጆግ ይዤ ተነሣሁ፣
ሁለቱንም ጊዜ ውሃውን ራሴ ጠጣሁት።
ልጄ ቢሾፍቱ ናት፤ በቀን ሦስቴ እደውላለሁ፣
«እማ፣ ቆይ፣ መልሼ» ትላለች፤ አትመልስም።
ያን ሰሞን ለእሷም አልደወልኩም
(ካርድ ስላልነበረኝ ነው)።
በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፦ «ምነው፣ አመመሽ?»

ታቦት የገባ ዕለት አወጣሁት፤
ልጣጩ ይንኮሻኮሻል፣ ቀለሉ ያሳፍራል፣
ለቀብር የመጣሁ እንጂ ለተከላ አልመሰለኝም።
ተከልኩት። አንድ ብርጭቆ። አንድ ብቻ።
በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከአንገቱ ጎን
አረንጓዴ ምላስ ወጣ፣
ተደብቆ እንደሚያሾፍብኝ ልጅ።

አሁን ስድስት ጣሳ ነው፤ ሥሩ ላይ ይወልዳል።
አንዷን መይሙና ወሰደች፣ አንዷን የባጃጁ ሹፌር።
በዱቤ ደብተሬ ከስሙ ትይዩ በየዓመቱ እጽፋለሁ፦
አበባ፣ አራት።
አበባ፣ አራት።
ዘንድሮ ስምንት፣ በሁለት ዘንግ።
«በቃ ሰርዢው፣ ከፍሎሻል» ትለኛለች መይሙና።
በኦሮምኛ ሥር አለበት ስሙ፣ በምን ልንቀለው?
ደግሞስ ከፍሎ ከጨረሰ፣
መስቀል ሲደርስ ምን ብዬ ነው የምደውለው?