አርባ ሁለተኛው

ገንዘብ ያዥ ነበርኩኝ፣ የአካውንቲንግ ልጅ፣
ደብተር በብብቴ፣ እስክሪብቶ በእጅ።
ለኅብረታችን አዳር አርባ አንድ ሰው ከፍሎ፣
አርባ አንድ ዳቦ መጣ በባጃጅ ተቆልሎ።
ፍራሹም እንደዚያው።

ከታቦር ተራራ ሥር አንዲት አጸደ ሕፃናት
አዳራሿን አዋሰችን ለአንድ ሌሊት ማደሪያ፤
ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ሀ ሁ ሂ፣
ወንበሯ የድንክ፣ ለጉልበት መስበሪያ።

ገመድ ጉተታ ላይ ኢንጂነሪንግ ወደቀ፣
የነርሲንግ ሴቶች ፉከራ እስከ መንገድ ዘለቀ።
«የማቱሳላን አባት ንገሩኝ» ብትል ኤርጎጌ፣
«እናቱን ጠይቂያት!» አለ አንዱ ከፍራሹ ግርጌ።
ጸሎት መሪው ማንዶዬ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣
ሲስቅ ጥርሱን አየን፤
ለካ ጥርስ አለው።

መብራት ሄደ።
የጮኸ የለም፤ ለምደናል።
በስልክ ብርሃን ዘመርን፤ የሐይቁ እንቁራሪቱ
ከሸምበቆው መሀል ተቀበለን በየስልቱ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተንበርክከን ሳለ፣
አንዱ በ«አሜን» ፈንታ ኩርር... ኩርር እያለ፤
ጸሎቱ በሣቅ ታፍኖ፣ ሣቁ በጸሎት ታፍኖ፣
እንዲሁ ተንፏቆ አለቀ።

ሁሉም ሲጋደም ግን እኔ ቁጭ አልኩ።
ሳልቆጥር እንቅልፍ አይወስደኝም።
በስልኬ ጭላንጭል እግር በእግር ቆጠርኩ፤
አርባ ሁለት።
ተሳሳትኩ ብዬ ከበሩ ጀመርኩ፤
አርባ ሁለት።

የጠፋውን አንዱን ሰምተናል፦
እረኛው፣ ፍለጋው፣ ትከሻው፣ ደስታው፤
ግን አንድ ቢተርፍስ?
የት ምዕራፍ ላይ ነው የትርፉ ቦታው?

ከዝሆኑ ሥዕል ሥር፣ ጫማውን እንዳጠለቀ፣
አንድ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ፣ እያየኝ ተሳቀቀ።
ዱካሌ።
አምና ከእኛ ጋር ገብቶ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር
ስሙ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ የጠፋ።
ይርጋለም ያለች እናቱ «ልጄ ይማራል» ትላለች፣
ከቆጠበቻት ላይ በወር ሦስት መቶ ብር ትልካለች።
እሱ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት ይውላል፣
ማታ ዶርም ለዶርም፣ ከዘበኛ ዓይን ይሸሸጋል።

«አልከፈልኩም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።
«ሣቁን ከመንገድ ሰማሁ።
ሲነጋ እወጣለሁ።»

ሦስት ጥቅስ መጣብኝ፣
ሦስቱም ለመድረክ የሚሆኑ።
ዋጥኳቸው።
«ጫማህን አውልቅ» አልኩት፤ ብርድ ልብሴን ገለጥኩ፤
ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ፊቴን ወደ ቀጭኔው አዞርኩ።

ጠዋት ዳቦ ሲታደል ማንዶዬ «አልራበኝም» አለ፤
ወዲያው የኤርጎጌን ግማሽ ገምጦ ዋጠ።
ማን ለማን እንደቆረሰ አላወቅሁም፣
ብቻ ፍርፋሪ የቀረው አልነበረም፤
አሥራ ሁለት መሶብም አልሞላንም።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድን። ዱካሌም አብሮን።
ዳር ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፣
«እማ...» ሲል ሰማሁት፣ «እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ...»
ያን ጊዜ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ተብሎ ተጮኸ፤
ሁሉም ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ፤
የቀረውን አልሰማሁም።

ደብተሩ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።
ገቢ፣ አርባ አንድ።
ያደረ፣ አርባ ሁለት።
ኦዲተር ቢመጣ የምለው የለኝም፤
ሂሳቡ አልተዘጋም፤
እኔም አልዘጋውም።