ሁለተኛዋ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ ሰባት፣
ውኃ በሳምንት ነው፣ እሱም በውድቅት።
ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው
ተሰልፈው ያድራሉ ሰው ተክተው።
እኔ ሁለተኛ ነኝ።
አንደኛው ጀሪካን፣ ክዳኑ የጠፋ፣
አፉ በፌስታል የታሰረ፣
የትርሲት ነው።

ታውቋታላችሁ እናንተም ትርሲትን፣
ስሟን ብትረሱ እንኳ ያቺን ፊቷን።
ዘጠና ስድስት ላይ፣ በየግድግዳው፣
ሁለት ጥርሷ ወልቆ፣ ዓይኗ እንባ ያዘለው።
«እማዬ፣ አትተኚ!» ስትል እየሰማት
ትኬት ቆራጩ እንኳ፣ በቀን አራቴ እያያት፣
በቀን አራቴ አለቀሰላት።

እኔ አላለቀስኩም። ምክንያት ነበረኝ።

ከዚያ በፊት ባለው ክረምት፣ በቀበሌው አዳራሽ፣
አርባ ልጆች ነበርን፤ «እናትሽ ሞታለች፣ እንዴት ታለቅሻለሽ?»
ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አሥራ ሰባት ቁጥር፣
እናቴ ደጅ ቆማ ጃንጥላዋ ሥር።
ወደቅሁ። ጉልበቴን ላጥሁ።
ለቅሶ ቤት ያየሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አወጣሁ።
ዳይሬክተሩ ጋሽ ዳምጠው በእስክሪብቶ ጆሮውን አከከ።
ከኋላዬ አሥራ ስምንት ቁጥር ቀረበች፤
ቃል አልተነፈሰች፤
አንዲት እንባ ብቻ፣ በግራ ጉንጯ፣ ቀስ ብላ ወረደች።
«በቃ። ይቺን!»
ለእኔ አንድ እሽግ ብስኩት፣ «ሁለተኛ ነሽ፣ በርቺ።»
ብስኩቱን በላሁት፤
ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከሩቅ ስከተላት ኖርኩ።
አንዱ ፊልም ላይ ሞተች፤ ሌላው ላይ ወላጅ አልባ፤
በሦስተኛው ሠራተኛ፤ ሁሉም ያው፣ እንባ በእንባ።
ብሩን አጎቷ ያዘው፣ «ቤት ልሥራላት» ብሎ፤
ቤቱ ተሠራ በእርግጥ፤ ይኖርበታል ተደላድሎ።
በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በአንድ ክረምት ተመዘዘች፤
«አደግሽብን» አሏት።
ማደግ እንደሚያስቀጣ ያወቅሁት ያኔ ነው።
ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ሰሌዳ ፊት በወጣች ቁጥር
«እማዬ፣ አትተኚ!» ይላል የኋላው ወንበር።
አሁን ለባዕድ ድራማ ድምፅ ታውሳለች፤
ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ትስቃለች።
ልጄ ያንን ሳቅ አንድ ቀን አትስትም፤
ከበራችን ትይዩ እንደሚያድር ግን አታውቅም።

ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ «እንደምን አደርሽ» ብቻ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ውሻ። የቂሊንጦ ብርድ።
ትርሲት በጋቢ ተጀቡና ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች።
አፌ ሳይነግረኝ፣
«አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነበርኩ» አልኩ።
የስልኳን መብራት ፊቴ ላይ አበራች።
«ያቺ፣ መሬት የወደቀችው?»
«እሷው።»
«እኔ እኮ መተወን አላውቅም ነበር» አለች።
«እናትሽ የእውነት የሞተች መስሎኝ
ለአንቺ ነው ያለቀስኩት።
በኋላም፣ ካሜራው በተነሣ ቁጥር፣
ጋሽ ዳምጠው ጎንበስ ብሎ
‹ያቺን ልጅ አስቢያት› ይለኝ ነበር።»

ሦስት ፊልም ሙሉ። ያ ሁሉ ሰው። ትኬት ቆራጩ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሃያ ዓመት ዘግይታ፣
«እናትሽ ግን… ደህና ናቸው?»
«አምና ኅዳር ላይ» አልኩ።
የቀብሩ ዕለት ዓይኔ ደርቆ ሰው ታዝቦኝ ነበር።
አሁን መጣ።
አያምርም፤ አንዲት ጠብታ በግራ ጉንጭ አይደለም፤
ንፍጥም አለው።

ቧንቧው ሳለ። አየር ተፋ፤ ዝገት ተፋ፤ ጠራ።
ቦታዋን የምትለቅልኝ መስሎኝ ነበር፣ እንደ ፊልም።
«ወረፋ ወረፋ ነው» አለች፤
እስከ አፉ ሞላች፤ ፌስታሉን መልሳ አሰረች።
የእኔም እስኪሞላ ጠበቀችኝ፤
ሁለቱን በአንድ የመጥረጊያ እንጨት አንጠለጠልን።

ደረጃው ጠባብ ነው፣ ጎን ለጎን አያስኬድም።
እሷ ቀደመች።
ሽቅብ ሲወጣ ሸክሙ የሚያርፈው የኋለኛው ላይ ነው።
«ከበደሽ?» አለች ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳትዞር።
«ትንሽ።»