ተየት መጣሽ?

«ተየት መጣሽ?» አለችኝ፣ ከፊት ወንበር ዞራ፣
እርሳሷን እያኘከች እንደ ሸንኮራ።
«ተየት» ማለት ምን ይሆን? ዝም አልኩኝ ፈርቼ፤
ድሬ ላይ «ከየት» ነበር የማውቀው ሰምቼ።
እኔ በ«ከ» ተወልጄ፣ በ«ከ» ነው ያደግኩት፣
እዚህ ጎንደር ስደርስ በ«ተ» ተክተውት፣
በአንዲት ፊደል ምክንያት መልሴን ዋጥኩት።

ጥቅምት ነበር ወሩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣
ማራኪ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ይጨሳል።
የአፌን ጭስ አይቼ፣ በመጀመሪያው ዕለት
አለቀስኩ፤ ሳንባዬ ውስጥ እሳት የገባ መስሎኝ ድንገት።

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ የትም ሲጠፋ ውሃ
ይጠሩታል፣ እንሄዳለን፣ ደጋም ሆነ በረሃ።
እናቴ ዕቃ ስታስር «ይሄ የመጨረሻ ነው» ትላለች፤
ገመዱን ግን አትጥልም፣ ጠቅልላ ታስቀምጣለች።

መምህር ቢያድግልኝ ስሜን ሲጠሩት «ነዒማ»፣
ሃምሳ ስምንት ራስ ዞረ፤ ጠበበኝ ስሜ እንደ ጫማ።
«አቦ!» አልኩኝ ሳላስበው፣ ደብተሬ ቢወድቅብኝ፤
ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ አንዱ ልጅ ዞሮ ጠየቀኝ፦
«አቦ በወር በአምስት ነው፤ ዛሬ ገና ሦስት፤
ነው ወይስ እናንተ አገር ይቀድማል ታቦት?»
ከዚያ ወዲያ ስሜ ቀረ፤ «አቦ ነይ፣ አቦ ሂጂ»፤
«አልከፋኝም» እል ነበር፣ ለእናቴ ነው እንጂ!

ከቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ግን አምስት ጠጠር ነበረኝ፣
ከደቻቱ አሸዋ ላይ ሃናን ለቅማ የሰጠችኝ፣
ጎርፍ ያለሰለሳቸው፣ የርግብ እንቁላል የሚያህሉ፣
እጅ ውስጥ ሲጋጩ ቀስ ብለው «ቀጭ» የሚሉ።

በእረፍት፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ባለበት ጥግ፣
ብቻዬን፣ አንዱን ሰድጄ ወደ ላይ፣ አራቱን ከመሬት ስጠርግ፣
ጥላ መጣ። ዘርትሁን ናት፣ ያች እርሳስ የምትበላ።
«እንዲህ አይዶል» አለችኝ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ።
«ሁለት ነው መጀመሪያ!» «አይ፣ አንድ ነው መጀመሪያ!»
ለሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት፣ ጮህኩ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
በሷ ሕግ ተጫወትን፣ ደሞ በኔ፣ ደሞ በሷ፣
እስኪደወል።
ቀሚሴን አራግፌ ጠጠሮቼን ቆጠርኩ፦
አራት።

አምስተኛዋን ፈለግን፣ እሷም አብራ ፈለገች፣
ሣር ገልጣ፣ ድንጋይ አንሥታ፣ ከልቧ ተጨነቀች፤
ግራ እጇ ግን ከኪሷ አንዴም አልወጣች።
አየሁ።
አየሁና ዝም አልኩ። ሌባ ብላት ትሄዳለች፤
ዝም ብላት፣ ነገ ደግሞ ለመጫወት ትመጣለች።
በሂሳብ ሰነፍ ነኝ፤ ይቺን ግን በጣቴ ቆጥሬ ሠራሁ፦
አንድ ጠጠር ከሰርኩ፣ አንድ ሰው አገኘሁ።

በነጋታው መጣች። መዳፏ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣
ከቀሃ ወንዝ ያመጣችው፣ ሸካራ፣ ከሰል መሳይ፤
«ያንቺ ጠፍቷል፣ በዚህ ይሙላ። ያው ድንጋይ ነው ሁሉም።»
ያው አይዶለም። ይከብዳል፣ ሲወረወርም አይቀልም፣
ሲቀለብ መዳፍ ይልጣል። ሲቆጠር ግን አምስት ነው።
የኔዋ ጠጠር እስካሁን ከኪሷ ነው ያለችው።
ማታ ዳገቱን ስንወርድ፣ ከቢጫ ጀሪካን ሰልፍ አጠገብ፣
ኪሷ ውስጥ ትነካካታለች፤ እኔም የነገሥታቱን ግንብ
አያለሁ፣ ልክ እንደ ቱሪስት፣ ከልብ።

ትናንት እናቴ በር ላይ፦ «ከየት ነው ይሄ ሁሉ አቧራ?»
«ተትምርት ቤት» አልኳት፣ «ተዘርትሁን ጋራ።»
ዝም አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ደሞም ያዘነች፤
የጭነቱን ገመድ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።
ልቤ ዝቅ አለ፦ ልንሄድ ነው?
እሷ ግን ከዋንዛው እስከ በሩ ምሰሶ ወጥራው፣
ዩኒፎርሜን አጥባ፣ ከነውሃው ሰቀለችው።