የወረደችው ቁልፍ

«ሰባት ቀን» ብሎኝ ወጣ።
ቦርሳውም የሰባት ቀን፦ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ መላጫ፣
ለታመመች እናቱ የሸክላ ሻይ መጠጫ።
ልጁን ታይናራን ከነደብተሯ እኔ ዘንድ አኖረና
ደረጃውን ወርዶ፣ ብስክሌቱን አስሮ፣ ዞር አለ እንደገና፦
«ፉሚኤ ሳን፣ ፒያኖዎ ላይ አንዲት ቁልፍ ወርዳለች፤
አይንኩብኝ፣ ስመለስ እቃኛታለሁ፤ እስከዚያ ትቆያለች።»

ሃማማትሱ ፒያኖ የሚሠራባት ከተማ ናት፤
ቫልዴሲር ዐሥራ ሰባት ዓመት በጆሮው ያገለገላት።
አያቱ ከኮቤ ወደብ ተሳፍረው ነበር፣ ጥጥ ለቀማ፣ ወደ ፓራና፤
የልጅ ልጅ ስማቸውን ይዞ መጣ፣ በሰማይ ጎዳና።
ካርድ ሰጡት። «ነዋሪ» ይላል። ፎቶው ላይ አይስቅም።
ግብሩን ይከፍላል፤ የጠርሙስ ቆሻሻ የሚወጣበትን ማክሰኞ አይስትም።

እናቱን በስድስተኛው ቀን ቀበረ።
በሰባተኛው አገሬ በሯን ቆለፈች፤ ሰውየው እዚያው ቀረ።

በቴሌቪዥን አንድ ባለ ክራቫት ከወረቀት አነበበ፦
ዜጋ ይገባል፤ የውጭ ሰው፣ ነዋሪም ቢሆን፣ አይገባም።
እኔ አልገባኝም።
በማታው ዜና ደገሙት፤ አሁንም አልገባኝም።
የሚያዛኪ ልጅ ከሚላኖ ገብቷል፤ በግድግዳው ሲስል እሰማዋለሁ፤
እግዜር ይማረው ብዬ ሾርባ በራፉ ላይ አኑሬ እመለሳለሁ።
በሽታው ግን ማኅተም ያነባል ወይ?
ሰባ አራት ዓመት ዜጋ የሆንኩት ምን ሠርቼ ነው?
ተወለድኩ፤ ሌላ ምንም።

የእኛና የእነሱ ሰዓት በዐሥራ ሁለት ይራራቃል፤
ስለዚህ አንዱ የግድግዳ ሰዓቴ ለሁለት አገር ይበቃል።
ዘንጎቹ አንድ ቦታ ናቸው፤ እዚህ ጨለማ፣ እዚያ ማለዳ።
ከራት በኋላ ስልኩን ፒያኖው ላይ ታቆማለች፤
እሱ ሎንድሪና ላይ ቁርሱን ትቶ ያዳምጣል፣ እሷ ትጫወታለች።
ያቺ ቁልፍ ጋ ስትደርስ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤
«አለች?» ይላታል። «አለች።» ከዚያ ይስቃሉ።

የዝናቡ ወር ገባ፤ እንጨቱ አበጠ።
ቆንስላው ቅጽ ላከ። «ልዩ ምክንያት» በሚለው ሥር
«ልጄ» ብሎ ጻፈ።
ማስረጃ አያይዝ አሉት።
ኪራዩን ከዚያ ይልካል፤ እመልስለታለሁ፤ መልሶ ይልካል፤
እንዲህ ስንገፋፋ ባንኩ ብቻ ይጠቀማል።
የብስክሌቱን ጎማ በየወሩ ነፋሁለት።
ታይናራ አራት ጣት አደገች፤ መቃኑ ላይ በእርሳስ ለካሁለት።
ዘጠኝ ወር።
ሰው ተረግዞ የሚወለድበት።

ወረቀቱ መጣ። ሦስት አውሮፕላን ቀያየረ።
ናሪታ ሲደርስ፣ እንደ ድምፅ መስጫ በተከለለ ጠባብ ቦታ፣
ቀጭን ቱቦ ሰጥተው «ምራቅ፣ እስከዚህ መስመር» አሉት።
አፉ ደርቋል። ምራቅ እንዲያመጣለት
የሎሚ ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፈውለታል።
ሎሚውን እያየ ዕንባው መጣ፤
«ዕንባ አይሆንም ወይ?» አላት አስተናባሪዋን።
«ይቅርታ» አለችው፣ ጎንበስ ብላ፣ «ምራቅ ብቻ ነው።»
ከዚያ ዐሥራ አራት ቀን ሆቴል፣ መስኮቱ የማይከፈት።

መጣ። ጫማውን አወለቀ።
ልጁን አቀፋት፣ ገፋ አድርጎ አያት፣ ደግሞ አቀፋት።
ምን እንደሚናገር የጠፋው ሰው ሥራውን ይይዛል፤
መፍቻውን አውጥቶ የፒያኖውን ሆድ ከፈተ፤
ጆሮውን አስጠግቶ እስከ ምሽት ቃኘ፣
አንድ በአንድ፣ እየመታ፣ እያጠበቀ፣
ያቺ ጋ እስኪደርስ።
«እሷን ተዋት» አለች ታይናራ።
«ወርዳለች እኮ!»
«አውቃለሁ። ተዋት።»
መፍቻውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።
እኔ ሩዝ አጥብ ነበር፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ካርዱን ለሦስት ዓመት አደሱለት።
ፎቶው አዲስ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤
አሁንም አይስቅም።
የሚስቅ ፎቶ አይቀበሉም አለኝ።