ገበያህን ያድራው

ፎቶ ቤቴ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ፣
ታፔላው ይኸውና በሽቦ ተሰቅሎ፦
«ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እናነሣለን» ይላል፤
አራተኛውን አልጻፍሁም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ድሮ እንጀራዬ ጥር ነበር ወራቱ፤
ሙሽራና ሚዜ ከግንቡ ሥር አቁሜ፣
«ፈገግ በሉ!»፣ «ቀና በሉ!» ስል ከርሜ፣
ሁዳዴ ሲገባ ዱቤ ነበር ቤቱ።
ጦርነቱ መጣ፤
ቤቴም ከዕዳ ወጣ።

ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ፊት፣
እያጎላሁ ስሰጥ ለድንኳን፣ ለሰልስት፣
አዲስ ማተሚያ ገዛሁ፤
ልጄን የግል ትምህርት ቤት አስገባሁ።

ለራሴ እላለሁ፦
«ሳጥን ሠሪው አናጢ ምሳውን አይበላም?
መቃብር ቆፋሪው የሚያሳድገው የለም?»
እላለሁ። ደግሞም እውነት ነው።

ብቻ በዚያ ነሐሴ
ከክፈፉ ዋጋ ላይ መቶ ብር ጨመርሁ፤
«ጣውላ ተወደደ» ለሁሉም ነገርሁ።
አልዋሸሁም፣ ተወዷል፤
ጣውላው የጨመረው አርባ ብር ነበር።
ስልሳው ከየት መጣ?
ከኀዘን ነው፤
ኀዘን ዋጋ አይከራከር።

ያልተወሰዱት ግድግዳዬን ሞሉት።
ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ዓይን ብቻ፣
እዚህም ዓይን ብቻ፤
እነዚያ ክንፍ አላቸው፣
የኔዎቹ ክፈፍ።

ኅዳር ላይ እማማ ትጓደድ ከጯሂት ተሳፍረው፣
ከነጠላቸው ጫፍ አንድ የሠርግ ፎቶ ፈትተው፦
ልጃቸው አዛናው ከዳር ነው፣ ሚዜ ነው።
ገለበጥሁት። ማኅተሙ የራሴ።
«ፈገግ በል» ያልሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ምላሴ።

ቆርጬ ለየሁት፤
ትከሻው ላይ ግን የሙሽራው እጅ ቀረ።
«ላጥፋው ወይ?»
«ተወው ልጄ፣ ብቻውን አይደር።»

አልተከራከሩም።
ቆጥረው ሰጡኝና መረቁኝ እንደ ወጉ፦
«ሥራህን ያብዛልህ፤ ገበያህን ያድራው።»
ምርቃት አሜን ይሻል።
ቆመው ጠበቁኝ።
አሜኑ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ ጣና ዓሣ እሾህ።

መሳቢያውን ስቤ ስልሳ ብር ዘረጋሁ።
«ምንድን ነው?» አሉኝ።
«መልስ» አልሁ።
ሌላ መልስ የለኝም።

እሳቸው ሄዱ።
የዋጋ ሰሌዳው እንደ ተሰቀለ ነው፤
ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልነካሁትም።