ግማሽ ጀልባ

ሣጥኑን ያወረድኩት እኔ ነኝ ከላይ፣
አራት መቶ ዓመት ሰው ሳይነካው ቆይቶ፣ ሳያይ ፀሐይ።
በሌኬይትዮ ወደብ፣ ዝናብ ጣራውን ሲደበድብ፣
ደራሲው መጣና «የዓሣ ነባሪ አዳኞችን ወረቀት» አለኝ፣ «ላንብብ»።
አቧራውን በእጅጌዬ አራግፌ ሰጠሁት፤
የኦቾዋን ኑዛዜ፣ እኔ በቃሌ የማውቀውን፣ ከፊቱ ዘረጋሁት።

«እኔ ኦቾዋ፣ በረዶ መርከባችንን ነክሶ በያዘበት አገር፣
ልቤ ሳይስት፣ ምላሴ ሳይተሳሰር፣
ከሎፔ ጋር በአንድ ዕዳ የገዛናት ጀልባ፣
ግማሿ የኔ ነበር፤ ያም ግማሽ ለሱ ይግባ።
መቅዘፊያዎቹን ግን እንዳይሸጥ አደራ፣
ተናዶም ቢሆን፣ ሰክሮም ቢሆን፣ ቢያጣም እንኳ ሥራ።
ጥርሴ ከድዴ ሲረግፍ፣ ደረቁን የመርከብ ዳቦ
እያኘከ ያጎረሰኝ እሱ ነው፤ ራሱ ተርቦ።»

በዓመቱ መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሸራ፣
ከሸራው ፊት ሁለት ከንፈር፣ ጨረቃም ስታበራ።
ገዛሁት፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ጀመርኩት፤
ኦቾዋን ወዲያው አገኘሁት፣ ሎፔን ግን ፈለግሁት።
ግራሲያና የምትባል ልጅ፣ መዝገብ የማያውቃት፣
በመስኮት መሐረብ ታውለበልባለች፤ ደራሲው ነው የወለዳት።
ገጽ አርባ ላይ ሎፔ ሞተ። በአንድ አንቀጽ፣ ገመድ ተበጥሶ።
ኦቾዋ ግማሽ ገጽ አልቅሶ፣
ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ በጸደይ ተመልሶ፣
ሠርጉ ሆነ፤ ከበሮው ተመታ።
«ዳቦውስ?» አልኩ በሆዴ፣ «አኝኮ ያጎረሰው ማታ?»
ዳቦዋንም አገኘኋት፦ ሕልሙ ውስጥ ነበረች፤
ግራሲያና ነጭ ለብሳ መጥታ፣ ማር ነክራ አጎረሰች።

ለሷም አዘንኩላት። ሦስት መቶ ገጽ በመስኮት ቆማ፣
መረብ ሳትጠግን፣ ዓሣ ሳትሸጥ፣ ከጎረቤት ጋር ሰው እንኳ ሳታማ።

ደራሲው ሊፈርም የመጣ ቀን ተሰልፌ ጠበቅሁ፤
ተራዬ ሲደርስ «ሎፔን ለምን ገደልከው?» ብዬ ጠየቅሁ።
ሳቅ አለ፤ ደግ ሰው ነው። «ምን ላድርግ፣ አንባቢ ፍቅር ይወዳል፤
ሁለት ወንድ በአንድ ጀልባ፣ ምኑ ይተረካል?»
ስሜን ጽፎ ፈረመልኝ፤ ያውም አሳስቶ።
«እና ያኛውስ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ
አፌ ውስጥ ቀረ፣ የሚያኝክልኝ ሰው አጥቶ።

እኔም ኤኔኮ የሚባል ነበረኝ። ሐሙስ ሐሙስ ካርታ፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሚያነክስ ጠረጴዛ፣ ዘወትር በአንድ ቦታ።
ሲሞት ከኋላ ቆምኩ፣ ከቀብር አስፈጻሚዎቹ አጠገብ፤
ሱቁ ያለው የሐዘን ካርድ «ለወንድም»፣ «ለባል» ነው ሲነበብ።

ዛሬ ሣጥኑን ልመልስ ስል፣ ከኑዛዜው ግርጌ
እንደገና አየሁት፣ መነጽሬን ጠርጌ።
ሎፔ ፊደል አያውቅም። ውርሱን ሲቀበል በበጋ፣
ጸሐፊው «መስቀል አድርግ» ብሎታል፣ «እዚህ ጋ»።
እሱ ግን ጀልባ ሳለ። ቀለሟ የተንጠባጠበ፣ ወገቧ የጎበጠ፣
በግራ አንድ መቅዘፊያ፣ በቀኝ አንድ መቅዘፊያ፣
አንዱም ያልተሸጠ።